የምስጡን ድርሻ ጨምሮ የሚሠራ ሰው

አያቴ የሞተ ዕለት እኔ ታች ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ ዳር ቆሜ ለአንድ የሻሸመኔ ነጋዴ ስለ ማንጎ እየዋሸሁ ነበር። "ትናንት የተለቀመ ነው" እለዋለሁ። ማንጎው ከተለቀመ ሰንብቷል። እሱም ያውቃል፣ እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ ተዋውቀን ነው የምንዋሸው። በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ብርቄ ነበረች፣ ከጨንቻ ወዲያ ካለው መንደራችን።

"እሸቱ፣ አባባን ትንሽ አሞታል። ሥራህን ትተህ ቶሎ ና" አለችኝ።

በእኛ አገር "ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። እኔም ብዙ አልተማርኩም። ስልኩን ዘጋሁ። የሻሸመኔው ሰው ፊቴን አየና በዋጋው የተከፋሁ መስሎት ራሱ ጨመረልኝ። በንግድ ዘመኔ ሳልዋሽ ያተረፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ አባያና ጫሞ ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ አንዲት ዶሮ ነበር። ሰው አያቱ ሞቶበት ስለ ዶሮ ያስባል? እንደኔ ያለው ያስባል። የዶሮዋን ነገር እመለስበታለሁ።

አያቴ፣ አባባ ማዳ፣ ቤት ሠሪ ነበር። ግንበኛ ማለቴ አይደለም፤ ሲሚንቶ በእጁ ነክቶ አያውቅም። የሚሠራው የአባቶቹን የቀርከሃ ቤት ነው። ላላየው ሰው፣ አንድ ትልቅ ቅርጫት ተደፍቶ፣ በር ወጥቶለት፣ ላዩ በቀርከሃ ቅርፊት ተሸፍኖ ማሰብ ነው። ሚስማር የለው፣ መሀሉ ላይ ምሰሶ የለው፤ ከመሬት ተነሥቶ እስከ ጫፉ የተሸመነ ነው። አባባ ቀርከሃ ሲመርጥ እንደ ዳኛ ይሆናል። በጥፍሩ መታ ያደርገዋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ "ይሄ ገና ልጅ ነው፣ ይደግ" ብሎ ያልፈዋል። ሲሸምን የቀርከሃውን ስንጥቅ በጥርሱ ይይዛል። ስለዚህ ሥራ ላይ ሳለ ሰው ቢነካካው መልስ አይሰጥም። አመሻሽ ላይ ስንጥቁን ሲተፋ ግን ጠዋት የነካካውን፣ ቀትር ላይ የነካካውን፣ ሁሉንም በየተራው ይመልስላቸዋል። አንዳንዱ ለምን እንደተሰደበ እንኳ ረስቶት ነው የሚሰደበው።

ትሑት ሰው አልነበረም። በአንድ መንደር አልፎ የሌላ ሰው እጅ የሠራውን ቤት ካየ ቆም ይልና "ምስኪን፣ ዓይኑን ያመው ነበር መሰለኝ" ይላል። የራሱን ካየ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። እኛ አብረነው ያለነው ሰዎች እስክናደንቅ ድረስ ጉዞ የለም።

አንድ ጊዜ አስጎብኚ ፈረንጆች ይዞ መጣ። ቤታችን ከፊት ለፊት ሲያዩት ዝሆን ይመስላል ይባላል፤ የበሩ መግቢያ ኩምቢ፣ ሁለቱ የጭስ መውጫዎች ዓይን። አስጎብኚው ይህን ሲተነትን ቆይቶ ወደ አባባ ዞረና "እስቲ ዝሆኑን አስበህ እንዴት እንደምትሠራው ንገራቸው" አለው።

"ዝሆን አይቼ አላውቅም" አለ አባባ።

"አባቶችህ ያዩ ነበር እኮ!"

"እነሱ ይንገሯቸዋ። እኔ የሠራሁት ቤት ነው። ዝሆን ቢሆን ኖሮ ከጓሮዬ ጎመን ይተርፍ ነበር?"

አስጎብኚው ለፈረንጆቹ ምን ብሎ እንደተረጎመላቸው አላውቅም፤ ብቻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱለት።

የዚህ ቤት ጠላቱ ምስጥ ነው። ከሥሩ ይበላል፣ ቤቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያጥራል። ልጅ ሆነህ ቆመህ የገባህበትን በር አርጅተህ በእንብርክክህ ትገባበታለህ። አባባ ግን ምስጥን አይረግምም። ቤት ሲጀምር ከሚያስፈልገው በላይ አስረዝሞ ነው የሚሠራው። "ለምን ይሄን ያህል?" ሲሉት "የምስጡን ድርሻ ጨምሬ ነው" ይላል። እኔ ይህን ነገር ሲቀላ ገበያ ላይ ልጠቀምበት ሞክሬያለሁ። ለአንድ ደንበኛ በሙዙ ላይ "የሚበላሸውን ድርሻ ጨምሬልሃለሁ" አልኩት። ከፍቶ ሲያየው የጨመርኩለት የሚበላሸውን ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ምስጡ ሲያይል ቤቱ አይፈርስም። ቦታ ይቀይራል። የመንደሩ ወንዶች ተሰብስበው ዙሪያውን ረጃጅም አግዳሚ ያስሩበታል፣ ግማሹ ከውጭ፣ ግማሹ ከውስጥ ሆኖ ያነሡታል፣ ተሸክመውም ምስጥ ወደሌለበት መሬት ይሄዳሉ። ቤት በሰው እግር ሲሄድ ማየት ነው። ለዚህ ሥራ ክፍያ የለም፤ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ነገ ደግሞ እሱ የሌላውን ይሸከማል። የሚመራው አባባ ነው፣ ውስጥ መሀል ላይ ቆሞ። ከውስጥ ሆኖ ውጪ ያሉትን ሰዎች አያያቸውም። ቤቱ ትንሽ ከፍ ሲል ከሥር የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። ስለዚህ መንደሩን በሙሉ በእግሩ ያውቀዋል። "የዛላ ልጅ፣ ግራህ ሰንፏል!" ይላል። "ደበበ፣ ጣትህ ወዴት እያየ ነው? ቀና በል!" ይላል። በዚህ ምክንያት ቤት ሲነሣ ማንም ጫማ አያደርግም። "እግሩን የማላውቀውን ሰው ቤት አላስነካም" ይል ነበር።

አሁን ወደ ዶሮዋ መጣሁ። ዶሮዎች የሚያድሩት ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ብድግ ሲል ይደነግጡና በተሸካሚው እግር መሀል ይገባሉ። ተሸካሚ ተደናቀፈ ማለት ቤቱ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ዶሮ ይይዛል። ይህ ሥራ የሕፃናትና የአሮጊቶች ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ ይዣለሁ፤ ነውር የለውም። ከተማ ወርጄ፣ ጢም አብቅዬ፣ ሱቅ ከፍቼ ስመለስም ግን አባባ ወንዱን ሁሉ በየአግዳሚው ይመድብና በመጨረሻ ወደኔ ዞሮ ጫማዬን ያያል። "አንተ" ይላል፣ "ዶሮዋን ያዝ።"

ሞባይል ስልክ ወደ ተራራው በወጣበት ሰሞን የራሱ የአባባ ቤት አጠረች። የሰው ቤት ሲያስነሣ የራሱን ረስቷት ነበር። አክስቴ ብርቄ እንስራ ይዛ ስትገባ መጀመሪያ እንስራውን ታስገባለች፣ ከዚያ ራሷን። ወሬው ሲቀላ ድረስ ወረደ። አንዱ የፖም ደንበኛዬ በሰው ፊት "እሸቱ፣ አንተ አይሱዙ እየጫንክ አያትህ በሆዱ እየተሳበ ነው አሉ የሚገባው" አለኝ። በማግስቱ ወጣሁ።

"አባባ፣ ቆርቆሮ ላልብስልህ።"

"ተው። ቆርቆሮ ዝናብ ሲመጣ ይጮሃል። ከብርቄ ጋር እየኖርኩ ሌላ ጩኸት ምን ያደርግልኛል?"

"ሰማሁህ!" አለች አክስቴ ከጓሮ።

"አየህ?" አለኝ። ከዚያ ከቤቷ በላይ ያለውን ገላጣ ቦታ አሳየኝ። "እዚያ ትውጣ። ምስጥ የለበትም። ሂድና ለሰዉ ንገር።"

መንገር ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በየቤቱ መግባት፣ መቀመጥ፣ የቀረበውን መብላት፣ ስለ ላሙ መጠየቅ፣ ስለ ገብሱ መጠየቅ፣ አዲስ አበባ ሽመና ላይ ስላለው ልጅ መጠየቅ፣ ልትነሣ ስትል ደግሞ "የአባባ ቤት አጥራለች" ማለት ነው። እነሱም "ሰምተናል" ይላሉ።

"ከሰሙ ለምን እነግራቸዋለሁ?" አልኩት።

"ስለሰሙ ነዋ!" አለኝ።

የፖም ወቅት ነበር። ፖም ደግሞ እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ አይጠብቅም። እኔ በልቤ፣ ተራራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጊዜ እንደ ጉም በነጻ የሚመጣ ይመስለዋል ብዬ፣ ሲቀላ ወርጄ የራሴን ብልሃት ፈጠርኩ። መናኸሪያው አጠገብ ያሉትን ጫኝና አውራጆች አነጋገርኩ። አለቃቸው ክሬን ይባላል፤ ማቀዝቀዣ በጀርባው ተሸክሞ ብቻውን ፎቅ የሚያወጣ ሰው ነው።

"ክሬን፣ ቤት ታነሣለህ?"

"የቤት ዕቃ?"

"ቤት።"

አሰበ። "ከነሰዉ ነው ባዶውን?"

ሳቅኩበት። አሁን ሳስበው ያን ቀን ቁም ነገር የጠየቀ እሱ ብቻ ነበር።

መንደሩ ገበያ በወረደበት ቀን በአይሱዙ ይዤያቸው ወጣሁ። አባባ ወጥቶ አያቸው። "እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?"

"የሲቀላ ናቸው፣ አባባ።"

"ሲቀላ ደህና ወልዳለች" አለ። እምቢ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እምቢ አላለም። ዙሪያዋን ከሥር ቆረጠላቸው፣ አግዳሚውን አሳሰራቸው። ዶሮዋን እኔ ያዝኩ፤ ይህ መቼም የማይቀር ነው። ከዚያ "ጫማችሁን አውልቁ" አላቸው። ክሬን ተራራው ብርድ ነው አለ። እውነቱን ነው፣ ብርድ ነበር። አባባ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ውስጥ ገባ።

ያላየሁት አንድ ነገር ነበር። ጫኝና አውራጆቹ በሙሉ ያደረጉት አንድ ዓይነት ኮንጎ ጫማ ነው፤ ያው ጥቁሩ ላስቲክ። ከውስጥ ለሚያየው ሰው ሁሉም አንድ ሰው ናቸው።

ቤቷ ተነሣች። ከውስጥ የአባባ ድምፅ መጣ። "ባለ ኮንጎ፣ ወደ ላይ!"

ሁሉም ባለ ኮንጎ ነው። ሁሉም ወደ ላይ ሄደ። ዳገቱ በኩል ያለው ወደ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ በኩል ያለው በትከሻው ሽቅብ እያነሣ፣ ጎን ያለው ወዴት እንደሆነ ሳያውቅ።

"አንተን አላልኩም! ያኛውን ባለ ኮንጎ!"

ያኛው ማን ነው? ሁሉም ቆመ። ከዚያ ሁሉም ተንቀሳቀሰ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙት ጆንያ ነው፤ ጆንያ አንድ ትከሻ ነው የሚያውቀው። ቤቷ ሠርግ ላይ እንደሰከረ አጎት ዞረች። አንድ ጊዜ ወደ እኔ መጣች፤ ዶሮዋን አቅፌ ሸሸሁ። አጥር ጥሳ አለፈች፣ የጎረቤታችን የጋሽ ዛላ እንሰት መሀል ገባች፣ እዚያም ዘፍ ብላ ተቀመጠች። በሯ ከጋሽ ዛላ ሽንት ቤት ጀርባ ጋር ተፋጠጠ፤ በመሀላቸው ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት ብቻ ቀረ።

ከውስጥ፣

"ደረስን?"

"አባባ! ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። የት ነን?"

"ጋሽ ዛላ ጓሮ።"

"ዛላ ያውቃል?" አለ።

"ገበያ ናቸው።"

"እንግዲህ ሲመጣ ያውቃል።"

ክሬን ወደ ሽመናው ተጠግቶ "ፋዘር፣ ግድግዳውን ትንሽ ቀደድ እናድርግና ይውጡ፤ እንደገና እንሞክራለን" አለ። አባባ አማርኛ የሚናገረው ለመንግሥትና ለንዴት ብቻ ነው። "እንዳትነኩ! ሂዱ ከዚህ! አንቺም ሂጂ!" ብሎ ጮኸ። አንቺ ያለው ክሬንን ነው፤ አባባ በአማርኛ ሲናደድ ወንድና ሴት አይለይም። ክሬን ግን አይሱዙው ላይ እስኪወጣ ድረስ ሴትዮዋን ዞር ዞር እያለ ይፈልግ ነበር።

ወደ ማታ ጋሽ ዛላ አሞሌ ጨው በትከሻቸው ይዘው ከገበያ ተመለሱ። ጓሯቸው ውስጥ ቤት አዩ። ጨውን አስቀመጡ።

"ማዳ" አሉ።

"አቤት" አለ ከውስጥ።

"እንኳን ደህና መጣህ።"

"እንኳን ደህና ቆየኸኝ።"

"ትሰነብታለህ?"

"የልጄ ልጅ ነው የሚያውቀው።"

አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ ሆነው መልሴን ሲጠብቁ፣ እኔ ዶሮ እንዳቀፍኩ መሀላቸው ቆሜአለሁ።

አባባ አልወጣም። "ሰው ተሸክሞ ቦታዋ ካላደረሳት አልወጣም" አለ። አክስቴ ምግቡን በድመት ማሳለፊያዋ ታቀብለዋለች፣ እየሰደበችኝ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ቤቷ ተጣማ ነው የተቀመጠችው፤ ዝናቡ ደግሞ ደርሷል፤ ጉሙ ከቀትር በኋላ ይወርድ ጀምሯል። የተጣመመ ሽመና ውኃ ከጠጣ በዚያው ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያቃናውም። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሳይመጣ ካልተነሣች አባባ ቤት አይኖረውም። ሌላ እንዳይሠራ ደግሞ ስንጥቁን የሚይዝበት ጥርስ አልቆ ነበር።

ጋሽ ዛላ እግር ላይ ልወድቅ ሄድኩ። "ለእንሰቱ ይቅር ብዬሃለሁ" አሉኝ። "መንደሩ ግን አልሰማም።"

"መንደሩ ሁሉ እየመጣ ሲያይ ነው የዋለው እኮ!"

"አይቷል። አልሰማም።"

ያኔ ነው የገባኝ፤ የሸሸሁት መንገድ ዞሮ ደጃፌ ላይ ቆሟል። በየቤቱ ገባሁ። በላሁ። ስለ ላሙ ጠየቅኩ። ስለ ገብሱ ጠየቅኩ። አንዷ እናት አዲስ አበባ ስላለው ልጇ ስትነግረኝ እንባዋ መጣ፤ ልጁ እኮ አብሮኝ ያደገ ነው፤ ለካ ከሄደ ጀምሮ ጠይቄላት አላውቅም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል፤ ታች ፖሙ እየበሰለ፣ እየለሰለሰ፣ እየከሰረ ነው። በየበሩ "የአባባ ቤት አጥራለች" አልኩ። ሁሉም "ሰምተናል" አሉኝ፤ አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ ሳይስቅ።

ከዚያ ዱቡሻው ላይ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ሜዳ፣ እርጥብ ሳር ይዤ ተንበረከክኩ። በእኛ አገር እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከ ሰው ገፍተህ አታልፈውም፤ ትሰማዋለህ። አዲስ ሱሪ አድርጌ ነበር። ጭቃው ሲሰማኝ ስለ ሱሪው አሰብኩ፤ ይህንንም አልደብቅም። ሽማግሌዎቹ ዝም ባሉበት ሰዓት ስልኬ በዘፈን ጮኸ። ሳሩን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ኪሴን ስፈትሽ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ በትዕግሥት አዳመጡት። ሲያልቅ አንዱ ሽማግሌ "ጥሩ ዘፈን ነው" አሉ።

ቀጥለው ጠየቁኝ። "ልጄ፣ አንተ የማንን ቤት ተሸክመሃል?"

አሰብኩ። ደጋግሜ አሰብኩ።

"ዶሮ ይዣለሁ" አልኩ።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ዛላ ናቸው። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ከሩቅ፣ ከእንሰቱ መሀል፣ ከተጣመመችው ቤት ውስጥ "ምን አለ? ምን አለ?" የሚል የአባባ ድምፅ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ መጡ። ባዶ እግራቸውን። አባባ ከውስጥ አንድ በአንድ ጠራቸው፤ "ደበበ፣ መጣህ? የዛላ ልጅ፣ ከደበበ ኋላ። ይሄ ተረከዙ የተሰነጠቀው... አይ አንተ ነህ እንዴ፣ ከበሽታ ተነሥተሃል?" እያንዳንዱን እግር ሰላም አለው። እኔም በድፍረት ጫማዬን አወለቅኩና ወደ አግዳሚው ሄድኩ። የከተማ እግር ነው። ገለባው ሲወጋኝ፣ ጠጠሩ ሲወጋኝ፣ ሁለት ጊዜ ዘለልኩ። ከውስጥ አየኝ።

"ዶሮዎቹ ሁለት ሆኑ" አለ። "አንደኛዋ አንደኛዋን ትያዝ።"

ዶሮዋን ያዝኩ። ቤቷ ተነሣች። እንደ ሰው ተራመደች፣ ዳገቱን ወጣች፣ ቦታዋ ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አባባ በበሯ ጎንበስ ብሎ ወጣና ቀና አለ፣ ሸሚዙን አራገፈ፣ እኛ እስክናደንቅ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ከቀትር በኋላ ዝናቡ መጣ። ታች ስወርድ ፖሙ ጠጅ ሆኖ ጠበቀኝ።

ብዙ ቆይቶ "ለምን እሺ አልከኝ ያኔ? ታውቅ ነበር አይደል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"የት አውቃለሁ!" አለኝ። "እኔም ጠግቤ ነበር። ክሬን የሚባል ሰው ይዘህ ስትመጣ እስቲ ልየው ብዬ ነው። ማንንም ቢሆን እነዳለሁ ብዬ ነው።" ጥቂት አሰበና "ጫማ ነው የገደለን" አለ።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ውስጥ ቤት ሲነሣ ንገሩኝ አልኩ፤ ይነግሩኝ ነበር፤ ሱቄን ዘግቼ እወጣ ነበር። በየጊዜው ጫማዬን አወልቃለሁ፣ በየጊዜው ያየኛል፣ በየጊዜው ዶሮ ይሰጠኛል። የማያረጅ ሥልጣን ነው ያለኝ። ከዓመት ዓመት ግን የሚነሣው ቤት ቀነሰ። ቆርቆሮው በዛ። ቆርቆሮውን ያቀረብኩት አንዳንዱን እኔው ነኝ። አባባ ተራራው ሲያብለጨልጭ አይቶ "ይሄን ምስጥ አይበላውም" አለ። አድናቆት መስሎኝ ደስ አለኝ። "ሰውም አይሸከመውም" ብሎ ጨመረ።

የሞተ ዕለት ስደርስ ቤቷ እንደገና አጥራ አገኘኋት። ለቀስተኛ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው፤ የወረዳው አስተዳዳሪም፣ ቄሱም፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ሸማኔዎችም። ሬሳውን ሲያወጡት በበሩ ቁመት ምክንያት ተሸካሚዎቹ ተንበርክከው ነው ያወጡት። ጋሽ ዛላ ከጎኔ ሆነው እያለቀሱ "ይሄ ሽማግሌ ሆን ብሎ ነው" አሉ።

ከአርባው በኋላ አክስቴ ብርቄ ቤቷን ወደ ላይ ላስወጣት አለች። ስለ ቆርቆሮ አላነሣሁባትም። በየቤቱ ዞሬ ነገርኩ፣ በላሁ፣ ስለ ላሞቹ ጠየቅኩ። ጥያቄው ግን የሁላችንም ሆድ ውስጥ ነበር፤ ውስጥ ቆሞ እግር የሚያውቅ ማን አለ? አንዳንዱ፣ ያለ ማዳ አትነሣም፣ አፍርሷትና ሽጧት አለ። ጋሽ ዛላ በትራቸውን ለልጃቸው ሰጡና ተንበርክከው ገቡ።

ሰዉ በየአግዳሚው ተሰለፈ፤ እንደ ድሮው ብዙ አይደለም። በቁልቁለቱ በኩል አንድ ቦታ ክፍት ቀረ። አባባ ሁልጊዜ ጠንካራውን ሰው የሚያቆምበት ቦታ ነው። ዶሮዋን አቅፌ ቆሜ ያን ቦታ አየሁት። ዶሮዋን እንድትይዝልኝ አክስቴን ፈለግኳት፤ ጓሮ ናት። ዶሮዋን መሬት አስቀመጥኳት። ጫማዬን አወለቅኩ። ሄጄ አግዳሚውን ያዝኩ።

ጋሽ ዛላ ከውስጥ መጥራት ጀመሩ። ድምፃቸው እንደ አባባ አልነበረም፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ደበበ... አለህ። የኔ ልጅ... አለህ።" እየዞሩ፣ እየዞሩ እኔ ጋ ደረሱ። ቆሙ።

ጎንበስ ብለው በደንብ ሲያዩ ትንፋሻቸው ተሰማኝ።

"ማዳ?" አሉ፣ ቀስ ብለው።

እኔ ወደታች እግሬን አየሁት። አጭር አውራ ጣት፣ ወደ ውጭ የተገለበጠ ትንሽ ጣት። ለአባባ ስንት ጊዜ ጫማ ገዝቼለት፣ ስንት ጊዜ ገበያ ውስጥ "ይሄ እግር የሚሆነው ጫማ የለውም" ብዬ ተማርሬበት፣ የራሴን አይቼው አላውቅም ነበር።

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ ዛላ። እሸቱ ነኝ።"

"ዶሮዋስ?"

"ተለቃለች።"

ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

"ትለቀቅ" አሉ። "አንሡ!"

አነሣን። ዶሮዋ እየጮኸች በእግራችን መሀል ሮጣ አለፈች፤ ማንም አልተደናቀፈም። ቤቷ ዳገቱን ወጣች። እኔ ብዙም አልከበደኝም። ወይ ቤቷ ቀላል ነበረች፣ ወይ እንደ ንግዴ ሁሉ ሸክሙን የተሸከመው ከጎኔ ያለው ሰው ነበር፤ ደበበን እስካሁን አልጠየቅኩትም።